የደላንታ ኦፓልና የባሕር ጭቃ፦ ወሎ ባሕር ነበር እንዴ?

ደላንታዬ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ?

ወንድሜ ወገልጤና አካባቢ ገደል ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይቆፍራል። እኔ አጥቤ፣ መርጬ ደሴ አወርዳለሁ። ከዚህ ውጭ ስለ ድንጋይ የማውቀው የለም። ትናንት መብራት ጠፍቶ ስልኬን ስነካካ ያነበብኩት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጥልቅ ባሕር ወለል ላይ ካለው ጭቃ አንዳንዱ ኦፓል ነው ይላል! በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት ነው አሉ። ያ ጭቃ ውሎ አድሮ ቢላዋ የማይጭረው አለት ይሆናል።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። እኛ ኦፓል ካለን ወሎ ባሕር ነበር ማለት ነው? ደግሞስ እንደ አጥሚት የላላ ጭቃ በምን ተአምር አለት ይሆናል፣ እሳት አገኘው? ሦስተኛው የራሴ ጉዳይ ነው። አምና ለአንድ ነጋዴ የሸጥኩለት ድንጋይ በሁለት ሳምንቱ ተሰነጠቀ። ሰውዬው ገንዘቤን መልስ ብሎ ገበያ መሐል አዋረደኝ። የባሕሩ እንደዚያ ጠንካራ ከሆነ የእኛ ለምን ይሰነጠቃል?

ቦርከና | ሰኞ ማታ 2፡52

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያለው ለምን ይመስልሃል? ባሕሩ ሲሸሽ ረስቶት የሄደ ነው። ሃሃ።

ወረኢሉ 7 | ሰኞ ማታ 3፡10

አትሳቁ። አያቴ ነፍሳቸውን ይማረውና «ይህ አገር ሁሉ ውኃ ነበር» ይሉ ነበር። እኔም ዓባይ በረሃ መኪና ተበላሽቶብን ስንቆም ድንጋይ ውስጥ የተጋገረ ዛጎል በዓይኔ አይቻለሁ። ዛጎል ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ስለዚህ ኦፓሉም የባሕር ነው። አለቀ።

መዶሻና ኮምፓስ | ሰኞ ማታ 4፡05

እንደምን አመሻችሁ ልጆች። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ እንጂ ዕድሜዬን የፈጀሁት ካርታ ይዤ ገደል ለገደል ነው። ስለዚህ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የወረኢሉው ልጅ ያየው ትክክል ነው። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ የባሕር ኖራ ድንጋይ አለ፤ መቀሌ ዙሪያም አለ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢውን ባሕር ሸፍኖት ነበር። ያ ባሕር ግን ጥልቅ አልነበረም። የተወልንም ኖራ እንጂ ኦፓል አይደለም።

ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተቀደደችና እሳተ ገሞራ ይህን ደጋ ሁሉ አለበሰው። ደሴ የቆመችው በዚያ ላይ ነው፤ ጦሳ ተራራም ያው ነው። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ኪሎ ሜትሮች ይሆናል። የደላንታው ኦፓል ያለው በዚህ ክምር ውስጥ፣ ያውም ከላይኛው ክፍል ነው። ባሕሩ ከሥር ከተቀበረ ስንት ዘመን ሆኖታል! ኦፓሉ ከባሕሩ ጋር አይተዋወቅም።

ታዲያ ከየት መጣ? ከእሳተ ገሞራ አመድ። ትኩስ አመድ ወርዶ ተጣብቆ የሚሠራው ድንጋይ ኢግኒምብራይት ይባላል። በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መካከል ረጅም ፋታ ነበር። በዚያ ፋታ ዝናብ ዘነበ፣ አመዱ ላዩ ላይ አፈር ሆነ። ውኃው ከአመዱ ብርጭቆ ውስጥ ሲሊካ የሚባለውን፣ የአሸዋ ዘመድ የሆነውን ነገር እያሟሟ ወደ ታች ሰረገ፤ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥም አረጋው። ለዚህ ነው ኦፓሉ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ንጣፍ የሚገኘው። ወንድምህን ጠይቀው፤ ከዚያች ንጣፍ ከወጣ ባዶውን ነው የሚቆፍረው።

ደላንታዬ | ሰኞ ማታ 4፡20

ወላሂ ልክ ነዎት ጋሼ! እነሱ «መስመሩ» ነው የሚሉት። መስመሩን የሳተ ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ ባዶ እጁን ይገባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። የባሕሩስ? ፍጥረቶቹ እንዴት ኦፓል ሠሩ?

የዘጠነኛ ቢ መምህርት | ማክሰኞ ቀን 6፡30

ይህ የኔ ነው፤ ኬሚስትሪ ስለሆነ አሳልፌ አልሰጥም። የምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፤ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ሲሊካ ማለት የአሸዋና የመስታወት ዘመድ ነው። ወንዝ ከድንጋይ ላይ እያሟሟ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ባሕር ውስጥ ዲያቶም የሚባሉ አንድ ሴል ያላቸው ፍጥረታት አሉ፤ እንደ ተክል ብርሃን ይፈልጋሉ። ራዲዮላሪያ የሚባሉ ደግሞ አሉ፤ እነሱ አዳኞች ናቸው። ሁለቱም የሟሟውን ሲሊካ ከውኃው እየለቀሙ ቤታቸውን ይሠሩበታል። ቤቱ ኦፓል ነው፤ ውኃ ያለበት፣ ሥርዓት ያለው ክሪስታል ያልሆነ ሲሊካ። ፎቶአቸውን አይታችሁ ከሆነ የመሶብ ክዳን የመሰለ ጥልፍልፍ አለ። ያንን ማን ሰፋው ያሰኛል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ጋ ነው። ባሕር ለሲሊካ ሁልጊዜ ረሃብተኛ ነው። ቀዝቃዛው ጥልቅ ውኃ በሊትር 60 ሚሊግራም ገደማ ኦፓል ማሟሟት ይችላል። በውስጡ ያለው ግን ቢበዛ 10 ገደማ ነው። ስለዚህ ፍጥረቱ ሞቶ ቤቱ ወደ ታች ሲወርድ ውኃው እየላሰ ይጨርሰዋል። ላይ ከተሠራው 100 ቅርፊት ለመቀበር የሚበቃው 3 ገደማ ነው። የተረፈው እንኳ ብዙውን ጊዜ በዕድል ነው። አንዲት ዲያቶም ብቻዋን ብትወርድ ወለሉ ላይ ለመድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅባታል። ትንንሽ የባሕር እንስሳት በልተዋት በኩሳቸው ውስጥ ከወረደች ግን በቀናት ትደርሳለች። የባሕር ኩበት በሉት። (ተማሪዎቼ ይህን ብቻ ነው የሚያስታውሱት።)

ስለዚህ የሲሊካ ጭቃ የሚገኘው ብዙ ፍጥረት ባለበት ነው፦ አንታርክቲካ ዙሪያ፣ በሰሜን ፓሲፊክ፣ በምድር ወገብ ላይ ባለው ፓሲፊክ። ደግሞም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች የኖራ ቅርፊት ሟሙቶ ያልቃል። ሲሊካው ብቻውን ይቀራል።

ፍጥነቱን ልንገራችሁና ደወል ሳይደወል ልውጣ። የራዲዮላሪያ ጭቃ በ1,000 ዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው የሚጠራቀመው። ላሊበላ ከተፈለፈለ እስከ ዛሬ የወረደው ሁሉ ቢደመር የአንድ እንጀራ ውፍረት ቢሆን ነው።

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ ማታ 1፡15

እትዬ፣ እኛም ጋ ዲያቶም አለ እኮ! ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከሐይቃችን ጭቃ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ አይቼ ነበር። እንደ ጀልባ የሾሉ፣ እንደ ሳንቲም የከበቡ፣ ጉድ ነው። ተመራማሪዎች እኮ የሐይቅን ጭቃ ቆፍረው በእነዚሁ ቅርፊቶች ነው የጥንት ድርቅና ዝናብ የሚያነቡት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ኖራ የሚቦን የዲያቶም አፈር አለ። ቢራ ለማጣራት የሚያገለግለው ዓይነት ማለት ነው።

ግን ይኸው ስንት ሺ ዓመት ቆይቶ ያው አፈር ነው። ሐይቅ ሥር ያለውም ያው ጭቃ ነው። ለምን አለት አልሆነም?

ቦርከና | ማክሰኞ ማታ 1፡22

ቢራውን ካጣራ ምን ጎደለው፣ ተወው።

መዶሻና ኮምፓስ | ማክሰኞ ማታ 3፡30

ሐይቅ ዳር ጥሩ ጠየቅህ። ደላንታዬም «እሳት አገኘው ወይ» ብሎ ነበር። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የአፋር ጨው ክረምት ላይ በጆንያ ትታችሁ ታውቃላችሁ? እርጥበት ይገባዋል። የፍሬዎቹ ጠርዝ ይሟሟል። ፀሐይ ሲወጣ የሟሟው ተመልሶ ይረጋል፤ የሚረጋው ግን በነበረበት አይደለም። በፍሬና በፍሬ መካከል ገብቶ ያያይዛቸዋል። መስከረም ላይ ጆንያውን ስትከፍቱ በመጥረቢያ ነው የምትፈልጡት። እሳት አልነካውም፣ ማንም አልጋገረውም። ሟሙቶ ረጋ፣ በቃ።

የባሕሩ ጭቃም የሚጠጥረው ሟሙቶ በመርጋት ነው። ልዩነቱ እዚያ ፀሐይ የለም፣ ውኃውም አይደርቅም። ታዲያ ምን ያረጋዋል? ሲሊካ ብዙ መልክ አለው፤ አንዱ መልክ በቀላሉ ይሟሟል፣ ሌላው እምቢ ይላል። በክፍል ሙቀት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሥርዓት የሌለው ሲሊካ 120 ሚሊግራም ገደማ ይሟሟል። ኳርትዝ ግን ከ10 ብዙም አያልፍም። አሁን አስቡት። ከቅርፊቱ ሲሊካ ጠጥቶ የጠገበ ውኃ፣ ለእምቢተኛው መልክ ከመጠን በላይ ጠግቧል። ስለዚህ አንዱን እያሟሟ ሌላውን ያረጋል። ቅርፊቱ እያለቀ፣ አዲሱ ድንጋይ እየተሠራ ይሄዳል።

ግን ከቅርፊት ቀጥታ ወደ ኳርትዝ አይዘልም። መሐል ላይ አንድ ማረፊያ አለው። የመጀመሪያውን ኦፓል-ኤ ይሉታል፤ ቅርፊቱ ራሱ ነው፣ አተሞቹ የተበተኑ። መሐለኛው ኦፓል-ሲቲ ነው፤ ግማሽ ሥርዓት ይይዛል። በትልቅ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ስስ ስስ ምላጮች ተሰካክተው የሠሯቸው ኳሶች ናቸው፤ አንዷ ኳስ የሚሊሜትር መቶኛ አትሞላም። የመጨረሻው ኳርትዝ ነው። ድንጋዮቹም ስም አላቸው። የመሐለኛውን ፖርሴላናይት ይሉታል፤ ሲኒ ሲሰበር ውስጡ እንደሚመስለው ደብዛዛ ስለሆነ። የመጨረሻው ቸርት ነው፤ እንደ ጠርሙስ እየተፈለጠ ይሰበራል፣ ብረት አይጭረውም።

ሲለወጥ ይኮማተራል። የቅርፊት ጭቃ ሲጀምር ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ ውኃና ክፍተት ነው። ቅርፊቶቹ ጎባጣ ስለሆኑ ክብደት ቢጫናቸውም ክፍተቱን ይዘው ይቆያሉ። ኦፓል-ሲቲ መሆን ሲጀምሩ ግን ያ የቤት ምሰሶ ይሟሟል፣ ጣሪያው ይወርዳል። ክፍተቱ በአጭር ርቀት ውስጥ በግማሽ ያህል ይወድቃል። ውኃው ተጨምቆ ይወጣል።

ሙቀቱ ነው የሚገርማችሁ። የመጀመሪያው ለውጥ ካሊፎርኒያ ውስጥ በደንብ በተጠናው ሞንቴሬይ በተባለ የድንጋይ ክምችት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ እኮ ቆቦ በግንቦት ከሚሆነው ትንሽ ከፍ ቢል ነው! ወደ ኳርትዝ የሚሄደው ደግሞ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃ እንኳ አያፈላም። ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜ ይተካዋል፦ አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት።

ሐይቅ ዳር፣ መልስህ ይኸው ነው። የእናንተ ጭቃ ቀዝቃዛ ነው፣ ልጅ ነው፣ ላዩ ላይም የተጫነው ጥቂት ነው። ቆይ በለው።

ወረኢሉ 7 | ማክሰኞ ማታ 3፡58

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልተዋጠልኝም። አምስት ኪሎ ሜትር ውኃ ላዩ ላይ አለ፣ በዚያ ላይ የጭቃ ክምር። ክብደቱ ጨምቆ አጠነከረው ቢባል አይቀልም? ሸክላ ሠሪም ጭቃ ጨምቃ ነው የምትሠራ።

መዶሻና ኮምፓስ | ማክሰኞ ማታ 4፡25

ሸክላ ሠሪዋ ጨምቃ ብቻ ብትተወው በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ጭቃነቱ ይመለስ ነበር። ግን ጥያቄህን አልንቅም፤ ድሮ ሊቃውንቱም ተከራክረውበታል።

ክብደት ሥራ አለው፤ ውኃ ያስወጣል፣ ያቀራርባል። ወሳኙ ግን እሱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር አለ። መርከቦች ድምፅ ወደ ባሕር ወለል ይልካሉ። ድምፁ ከላላው ጭቃ ወደ ጠንካራው ሲገባ ያስተጋባል። ኦፓል-ኤ ወደ ኦፓል-ሲቲ በሚለወጥበት ቦታ ጥሩ ማስተጋባት አለ። አላስካና ሩሲያ መካከል ያለው የቤሪንግ ባሕር ውስጥ ይህ መስመር የባሕሩን ወለል እየተከተለ ይሄዳል፤ የድንጋዩን ንጣፎች አይከተልም፣ እየቆረጣቸው ያልፋል። ለምን? እኩል ሙቀት ያለበትን ቦታ ስለሚከተል። ንጣፉ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ ይለወጣል።

የጭቃው ድብልቅም ለውጥ ያመጣል። ሸክላ አፈር የበዛበት የመጀመሪያው ለውጥ ይዘገይበታል። ኖራ ያለበት ይፈጥናል። ለዚህ ነው በአንድ ገደል ላይ አንዱ ንጣፍ ቸርት ሆኖ ጎረቤቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ የምታገኘው።

የዘጠነኛ ቢ መምህርት | ረቡዕ ቀን 6፡40

ጋሼ፣ የጨው ጆንያውን ምሳሌ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሰረቅኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። አንዷ ተማሪ ግን አፋጠጠችኝ። «ቅርፊቱ ሟሙቶ ካለቀ ያ ድንጋይ ከፍጥረት መሠራቱ በምን ታወቀ?» አለችኝ። ነገ እመልሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

መዶሻና ኮምፓስ | ረቡዕ ማታ 2፡50

ያቺን ልጅ ጂኦሎጂ አስገቢያት።

ዲያቶሞቹ ስስ ስለሆኑ ብዙዎቹ ዱካ ሳይተዉ ይጠፋሉ። ራዲዮላሪያ ግን ወፍራም ነው። ሲለወጥም ቅርጹን ሊይዝ ይችላል፤ በኳርትዝ የተሞላ ክብ ጥላ ሆኖ ይቀራል። በእጅ ማጉያ እንኳ ቸርት ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ይታያል።

ዋናው ታሪክ የመጣው በ1970ዎቹ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቸርትን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቀስ አድርገው ሲልሱት ራዲዮላሪያዎቹ ብቅ አሉ። (ይህን አሲድ ማንም እንዳይነካ። ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚገባ ነው።) ጃፓን ውስጥ ብዙ ተራራ በጣም ጥንታዊ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በውስጡ ባሉ የኖራ ድንጋይ ቁርጥራጮች ዕድሜ ተለክቶ። ራዲዮላሪያዎቹ ሲነበቡ ብዙው ክፍል ዕድሜው ከታሰበው በመቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የኖራው ቁርጥራጭ ከሌላ ቦታ ተጉዞ የተቀላቀለ እንግዳ ነበር። ያገሪቱ የድንጋይ ታሪክ እንደገና ተጻፈ።

አንድ ልጨምር፤ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በወርቃማው በር ድልድይ ማዶ ቀይ ቸርት አለ። የጣት ውፍረት ያለው ንጣፍ በንጣፍ ላይ፣ እንደ እንጀራ ቁልል። ውፍረቱ 80 ሜትር ገደማ ነው፤ 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይይዛል። ወለሉ ከፓሲፊክ መሐል ተጉዞ እዚያ ተለጠፈ። ለምን በንጣፍ በንጣፍ ሆነ ለሚለው ዛሬም ክርክር አለ። አንዳንዱ የአየር ንብረት መፈራረቅ ነው ይላል። ሌላው ሲሊካው ከሸክላው ንጣፍ እየሸሸ ወደ ጎረቤቱ ስለሚሰበሰብ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር | ረቡዕ ማታ 3፡15

ስለ መርከብ ከተነሳ እኔም ያነበብኩትን ልበል። ግሎማር ቻሌንጀር የምትባል መርከብ በ1968 እ.ኤ.አ. የጥልቅ ባሕርን ወለል መቆፈር ጀመረች። አትላንቲክ ላይ በድምፅ የሚታወቅ አንድ ንጣፍ ነበር፣ ምንነቱ ግን አይታወቅም። ሲቆፍሩት ቸርት ሆኖ አገኙት፤ ዕድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። መሰርሰሪያውን በላው! መሰርሰሪያ ሲያልቅ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝመውን ቧንቧ በሙሉ ማውጣት ግድ ነው። ከወጣ በኋላ ያንን ጠባብ ጉድጓድ በዚያ ጨለማ ማን ያገኘዋል? ስለዚህ ጥለውት ይሄዱ ነበር።

በመጨረሻ በ1970 ወደ ታች የሚጠብ ትልቅ የብረት አፍ ወለሉ ላይ አስቀምጠው፣ በድምፅ እየፈለጉ ቧንቧውን መልሶ ማስገባት ቻሉ። የዲያቶምና የራዲዮላሪያ ሬሳ የሰውን ብረት ሲያሸንፍ አስቡት።

ወረኢሉ 7 | ረቡዕ ማታ 3፡31

እሺ፣ እጄን ሰጠሁ። ቆይ ግን፣ ባልጩት ቸርት ነው? እኛ ጋ ልጆች ሆነን አጋጭተን እሳት እናወጣበት ነበር።

መዶሻና ኮምፓስ | ረቡዕ ማታ 3፡44

ባልጩት የምንለው አንዱን ብቻ አይደለም። ጥቁሩና እንደ ጠርሙስ የሚያበራው የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ ስለት ያወጣል እንጂ ለእሳት አይሆንም። ብልጭታ የሚሰጠው የኳርትዝ ወገን ነው፤ ቸርትም ከዚያ ነው። ሕዝቡ ስም የሚያወጣው በስለቱ እንጂ በኤክስሬይ አይደለም፤ አልፈርድበትም።

የፒያሳ ሙዳይ | ረቡዕ ማታ 4፡02

እኔ ደሴ ድንጋይ ገዝቼ የምሸጥ ነኝ። ሁላችሁም ባሕር ገባችሁና ልጁን ረሳችሁት። ደላንታዬ አብሽር። አትቆጣ እንጂ አንድ ልጠይቅህ፤ ድንጋዩን ከውኃ አውጥተህ በቀጥታ ነው የሸጥክለት?

ደላንታዬ | ረቡዕ ማታ 4፡09

አዎ። ከገደሉ እንደመጣ በሃይላንድ ውኃ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ደረቅ ሲሆን ነጣ ይልብኛል። ውኃ ውስጥ እንደ በረዶ ጥርት ይላል። ገዢው ያየው እንደዚያ ሆኖ ነው።

የፒያሳ ሙዳይ | ረቡዕ ማታ 4፡15

በለው! የእኛ አገር ኦፓል ውኃ ይጠጣል እኮ። ስፖንጅ ነው። እርጥቡን ሸጥክለት፣ እሱ ወስዶ አምፖል ሥር አስቀመጠው፣ ድንገት ደረቀ። ያልተሰነጠቀ ምን ይሰነጠቅ። ሁሉም ይሰነጠቃል አላልኩም፤ ብዙው ምንም አይሆንም። ግን ሳይታወቅ አይሸጥም። ቀስ ብሎ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ አንድ ሁለት ወር ይቆይ። ከዚያ የተረፈው ነው ድንጋይ። ሰውዬው ገበያ መሐል ማዋረዱ ግን ነውር ነው፣ ጠርቶ መናገር ይችል ነበር።

መዶሻና ኮምፓስ | ረቡዕ ማታ 4፡50

ሙዳይ የተናገረው እውነት ነው፤ ከባሕሩም ጋር ይገጥማል። ልጄ፣ «የባሕሩ አይሰነጠቅም» ማን አለህ? ቸርት ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ሲለወጥ ስለሚኮማተር፣ ኋላም ምድር ስታጣምመው፣ በስንጥቅ ይሞላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ ጭምር ነው። እዚያ ስንጥቅ ሀብት ነው፤ ቀለበት ላይ ሲሆን ነው ጠብ የሚያመጣው።

አሁን ቅድም ያቆየሁትን ላምጣ። የወገልጤና ኦፓል በኤክስሬይ ሲመረመር ኦፓል-ሲቲ ነው። አዎ፣ ያ መሐለኛው ማረፊያ! የአውስትራሊያው ዝነኛ ኦፓል ግን ገና ኦፓል-ኤ ነው። አስቡት እንግዲህ። የፓሲፊክ ጭቃ ከዲያቶም ቅርፊት ተነስቶ፣ የደላንታው ከእሳተ ገሞራ አመድ ተነስቶ፣ ሁለቱም አንድ ማረፊያ ላይ ተገናኙ። ያኛው ውኃ ሥር ይሞቅና ወደ ኳርትዝ ይቀጥላል፤ ውኃውንም እዚያው ይጥላል። የእኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ቆይቶም ገደሉ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ተቀምጧል፤ የሚያሞቀው አላገኘም። ስለዚህ አልቀጠለም። ቀዳዳውም ውኃውም አብረውት አሉ። ቢቀጥልማ ኖሮ ወንድምህ ዛሬ የሚቆፍረው ተራ ድንጋይ ነበር፤ ማንም አይገዛህም።

ቦርከና | ረቡዕ ማታ 4፡58

ስለዚህ ሀብታችን ያልበሰለ በመሆኑ ነው? ወሎን እንደ ጥሬ ሥጋ በሉኝ።

ደላንታዬ | ቅዳሜ ቀን 9፡20

ተመለስኩ። ሞከርኩት። ከበርበሬ ነጋዴ ጎረቤታችን ትንሿን ሚዛን ተውሼ አምና ያልተሸጠ አንድ ድንጋይ ደረቁን መዘንኩ፤ 4.1 ግራም። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ጠራርጌ ስመዝነው 4.5። እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሏል፤ ወንድሜ ዓይኑን አላመነም። እሱ ስንት ዓመት ሲቆፍር «ይህ ድንጋይ ይሰክራል» ይሉት ነበር፤ ለካ እውነትም ይጠጣል። በግራም የሚገዛ ሰው ውኃም እየገዛ ነበር ማለት ነው፤ እኔም ሳላውቅ ስሸጥ ነበር።

ነጋዴውን ደወልኩለት። መጀመሪያ አልሰማ አለ። ኋላ ስለ ውኃው ሳስረዳው ዝም አለ። ግማሹን ገንዘብ ልመልስለት፣ እሱ ደግሞ የተሰነጠቀውን ሊመልስልኝ ተስማማን። ከእንግዲህ ደረቅ ካልሆነ አልሸጥም። ወንድሜን ደግሞ ከውኃ ያወጣኸውን ፀሐይ ላይ አታስጣው ብዬዋለሁ። ጣሪያ ሥር ሰፌድ ላይ አሰጥተነዋል፤ እናቴ ሽሮ የምታሰጣበትን ሰፌድ ስለወሰድንባት ተቆጥታለች።

የፒያሳ ሙዳይ | ቅዳሜ ቀን 9፡41

የተሰነጠቀውን እንዳትጥለው። አሳየኝ፤ ለትንንሽ ዶቃ የሚሆን ካለው እገዛሃለሁ። ደረቁን።

የዘጠነኛ ቢ መምህርት | ቅዳሜ ማታ 1፡05

ደላንታዬ፣ ያቺን 4.1 ግራም ድንጋይ ሰኞ ደሴ ስትወርድ አውሰኝ፤ ክፍል ውስጥ ላሳይበት። ሚዛን እኛ ጋ አለ።

ደላንታዬ | ቅዳሜ ማታ 1፡12

እሺ እትዬ፣ አመጣለሁ። በሃይላንድ ላምጣው ወይስ በወረቀት?